ፊቱ ክፍት በሆነ የጉዞ ካያክ ዕቃ ስንጭን፣ ጀልባው ቢገለበጥም እንዳይሰጥም ምን ማድረግ ይገባል?

ጥያቄ (ከሲያትል)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ሲያትል ሲሆን ካያክ (ተቀምጠው በመቅዘፊያ የሚነዱት ጠባብ ጀልባ) መቅዘፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እስካሁን የቀዘፍኩት በሌክ ዋሽንግተን ዳርቻ፣ በተከራየሁት ጀልባ፣ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን ያገለገለ የጉዞ ካያክ ገዛሁ፤ በመስከረም መጀመሪያም ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ወደ ብሌክ ደሴት ሄደን ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። ደሴቲቱ በጀልባ ካልሆነ በሌላ መንገድ የማይደረስባት በመሆኗ የምንበላውን፣ የምንጠጣውንና የምንለብሰውን ሁሉ ይዘን መሄድ ይኖርብናል።

ጀልባዬ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ 4 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውና 25 ኪሎ የሚመዝን ነው። ከመቀመጫው ኋላ ውሃ በማያሳልፍ ግድግዳ የተለየ፣ መክደኛ ያለው የዕቃ ክፍል አለው። ከፊት ግን ግድግዳ የለውም፤ ከእግር መርገጫው ጀምሮ እስከ ጀልባው አፍንጫ ድረስ ክፍት ነው። የሸጠልኝ ሰው «ከፊት ዕቃ ከሞላሽበት ይበቃል» ስላለኝ ነገሩን ብዙም አላሰብኩበትም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ውሃው ደረት በሚደርስበት ቦታ ላይ ባዶውን ጀልባ ሆን ብዬ ገለበጥኩት። ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ውሃው በመቀመጫው በኩል ገብቶ በቀጥታ ወደ ፊት ሮጠ፤ አፍንጫው ወደ ታች ወረደ፤ የኋላው ጫፍ ደግሞ ሽቅብ ቆመ። ጓደኛዬ የፊቱን ጫፍ ለማንሣት ብትታገልም ንቅንቅ አላለላትም። በመጨረሻ ሁለታችንም እየጎተትን ወደ ዳር አወጣነውና ውሃውን በባልዲ ቀድተን ጨረስነው። ይህ የሆነው ውሃው ሞቃት በሆነበት፣ እግሬም መሬት በሚነካበት ቦታ ነው። ብሌክ ደሴት ባለችበት በፒውጄት ሳውንድ የባሕር ወሽመጥ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ፣ ከሁለቱም ዳርቻ ርቀን ሳለ ቢደርስብንስ ኖሮ እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እንግዲህ ማወቅ የምፈልገው፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ካያክ በሚጫንበት ዕቃ ብቻ ሊንሳፈፍ ይችላል ወይስ የአየር ከረጢት መግዛት ግድ ነው? ዕቃውንስ ከፊትና ከኋላ እንዴት ላከፋፍለው? ከምይዘው ውስጥ ክብደት ያለው 12 ሊትር ውሃ፣ ድንኳን፣ የጋዝ ምድጃና ምግብ ነው። ሌሊቱ ስለሚበርድ እናቴ የላከችልኝን ጋቢም መያዝ እፈልጋለሁ።

መልስ (ከታኮማ)

ከጉዞው በፊት ጀልባዎን ገልብጠው መፈተንዎ እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ድክመት የሚያውቀው በችግሩ ቀን ነውና። ያጋጠመዎት ነገር በካያክ ቀዛፊዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን «የክሊዮፓትራ መርፌ» ይባላል፤ ስሙ በለንደን ከቆመው ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት የተወሰደ ነው። አንደኛው ጫፍ አየር ይዞ ሌላው በውሃ ሲሞላ ጀልባው እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጥልቅ ውሃ ላይ እንዲህ የቆመን ጀልባ አስተኝቶ፣ ውሃውን አፍስሶ እንደገና መግባት ለአንድ ሰው ቀርቶ ለሁለት ሰውም እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ቢያዩት ይገለጥልዎታል። ካያክዎ የተሠራበት ፖሊኤትሊን የተባለው ፕላስቲክ ከውሃ የሚቀለው በጥቂቱ ነው፤ አንድ ሊትር የሚያህለው 950 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 25 ኪሎ የሚመዝነው ጀልባ ውሃ ሞልቶት በሚሰጥምበት ጊዜ ፕላስቲኩ በራሱ ሊሸከም የሚችለው ከ1 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ከፋይበርግላስ የተሠራ ቢሆን ደግሞ ፋይበርግላስ ከውሃ ስለሚከብድ አየር ካልያዘ ወደ ታች ይወርዳል። ጀልባውን የሚያንሳፍፈው በውስጡ የተያዘው አየር ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የፊተኛውን ክፍት ቦታ እንገምት። ከእግር መርገጫው እስከ አፍንጫው 120 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእግር መርገጫው አካባቢ ስፋቱ 50፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ወደ ፊት እየሾለ ቢሄድ፣ 50 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ይህም ጓደኛዎ ለማንሣት የታገለችው ጫፍ ግማሽ ኩንታል ውሃ ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። ያንን 50 ሊትር ቦታ አስቀድሞ አየር ከያዘው፣ ውሃው የሚገባበት ስፍራ አያገኝም።

ለዚህ የሚሆነው ለካያክ ተብሎ የሚሠራው፣ አንድ ጫፉ ሾጣጣ የሆነና ረጅም የመንፊያ ቱቦ ያለው የአየር ከረጢት ነው። ሳይነፋ እስከ አፍንጫው ጥግ ድረስ ይገፋና፣ ከዚያ በቱቦው በኩል ክፍቱን ቦታ እስኪሞላ ድረስ ይነፋል። በአብዛኛው ሁለት ሆነው፣ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ጎን ለጎን ቢገቡ የተሻለ ነው፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይቀራል። ከሁሉም በላይ ግን መታሰር አለባቸው። የእግር መርገጫውን ሐዲድ ከያዙት ብሎኖች ላይ ገመድ አስሮ፣ በከረጢቶቹ ፊት ለፊት በመስቀልኛ ማሳለፍ ይበቃል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት እኔም ፊቱ ክፍት የሆነ ጀልባ ነበረኝ። የመኝታ ከረጢቴንና ልብሴን ውሃ በማያስገቡ ሁለት ሻንጣዎች አሽጌ ከእግሬ ፊት ወሸቅኋቸውና «ተንሳፋፊነቱ ተሟላ» ብዬ ወጣሁ። ከታኮማ ብዙም ሳልርቅ አንዲት ሞተር ጀልባ ያስነሣችው ማዕበል ገለበጠኝ። ጀልባው በተገለበጠ ቅጽበት አንደኛው ሻንጣ ከቦታው ተነቅሎ በጉልበቶቼ መካከል መጥቶ ተወሸቀ። እግሬን ለማውጣት ሻንጣውን መልሼ ወደ ፊት መግፋት ነበረብኝ፤ ጭንቅላቴ ግን ውሃ ውስጥ ነበር። ከወጣሁ በኋላ ሻንጣው ተከትሎኝ ወጣና በነፋሱ እየተነዳ ሲሄድ፣ ጀልባዬ ደግሞ አፍንጫውን ደፍቶ ቀረ። ያልታሰረ ዕቃ እንደ ተንሳፋፊነት ሊቆጠር አይገባውም፤ ለእርስዎም መውጫ ይዘጋል፤ ጀልባዎንም ጥሎት ይሄዳል።

ዕቃ ብቻውን ይበቃል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ፣ በትክክል ከታሸገና ከታሰረ ይረዳል፤ ነገር ግን ሁሉም ዕቃ እኩል አይደለም። 20 ሊትር የሚያህል፣ 6 ኪሎ የሚመዝን የልብስ ሻንጣ ውሃ ውስጥ ሲገባ 14 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። 10 ሊትር ውሃ የሞላበት መያዣ ግን ምንም አያንሳፍፍም፤ የሚጠቅመው ቦታ በመያዙ፣ ማለትም ሊቀዳ የሚገባውን ውሃ በማሳነሱ ብቻ ነው። የታሸገ ቆርቆሮ ምግብ ጭራሽ ይሰጥማል። ስለዚህ የእኔ ምክር በአፍንጫው ጫፍ የአየር ከረጢቶቹ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ቀላሉ ዕቃ፣ ከዚያም ገመዱ ነው። በአገራችን «ስፖንጅ» የምንለው የፍራሽ ፎም ርካሽ ቢሆንም ውሃ ስለሚጠጣ ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፤ በፎም መጠቀም ከፈለጉ ውሃ የማይመጥጥ ዓይነት መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ምክንያቱ ጊዜ ነው። የፒውጄት ሳውንድ ውሃ በአብዛኛው ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብረክት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው ያስተማሩት መመሪያ ይህንን በሦስት ቁጥር ያስቀምጠዋል፤ ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር እንደልብ ለሚታዘዝበት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን እስከመሳት ለሚደረስበት ደግሞ 1 ሰዓት። ወደ ጀልባው ተመልሶ ገብቶ ውሃውን ቀድቶ መጨረስ ያለብን በመካከለኛዋ 10 ደቂቃ ውስጥ ነው። እኔ በእጅ ፓምፕ በባልዲ ለክቼ ስሞክረው በደቂቃ 20 ሊትር ያህል አወጣለሁ። ከፊት የሚገባውን 50 ሊትር አስቀድሞ መከልከል ከሁለት ደቂቃ ተኩል ሥራ ያድናል፤ ጣት በደነዘዘበት ሰዓት ይህ ብዙ ነው። የሕይወት አድን ጃኬቱም በጀልባው ላይ ታስሮ ሳይሆን በአካልዎ ላይ ታጥቆ መገኘት አለበት።

የኋላውንም ግድግዳ ሳይፈትሹ አይመኑ። በፕላስቲክ ካያኮች ላይ ይህ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከፎም የተሠራና በማሸጊያ ማስቲሽ የተያያዘ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ይላቀቃል። በሣር ላይ አስቀምጠው በኋላው ክፍል 5 ሊትር ያህል ውሃ ያፍስሱ፤ ከዚያም ጀልባውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ወደ መቀመጫው የሚንጠባጠብ ነገር መኖሩን ይመልከቱ። ካፈሰሰ አሮጌውን ማስቲሽ ፍቀው በአዲስ ይተኩት፤ ተራው ሲሊኮን ግን በፖሊኤትሊን ላይ አጥብቆ ስለማይይዝ ለዚህ ፕላስቲክ የሚሆነውን ጠይቀው ይግዙ።

መልስ (ከስቶክሆልም)

ስለ ተንሳፋፊነቱ ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ የተሟላ ነው። እኔ ስለ አጫጫኑ ልጨምር። በምኖርበት በስቶክሆልም ዙሪያ 30,000 ገደማ ደሴቶች አሉ፤ የአገሩ ሕግም ማንኛውም ሰው የሌላውን ሰላም ሳያውክ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ድንኳን ተክሎ እንዲያድር ስለሚፈቅድ፣ ከግንቦት እስከ መስከረም በየሳምንቱ መጨረሻ ማለት ይቻላል ጀልባ ስጭንና ሳራግፍ እከርማለሁ።

በመጀመሪያ፣ ትልልቅ ከረጢት አይግዙ። እኔ በጀማሪነቴ ሁሉንም ዕቃ በአንድነት ልይዝ ብዬ 30 ሊትር የሚይዝ ከረጢት ገዝቼ ነበር። ወደ ውሃው ዳር ስደርስ ከረጢቱ በመክደኛው ቀዳዳ አልገባ አለ፤ ዝናብ እያካፋ ልብሴን በሙሉ በድንጋይ ላይ ዘርግቼ እንደገና በትንንሹ ማሸግ ግድ ሆነብኝ። ከ5 እስከ 10 ሊትር የሚይዙ በርከት ያሉ ከረጢቶች የተሻሉ ናቸው፤ በየጥጋጥጉ ይገባሉ፤ አንዱ ውሃ ቢያስገባም የሚበላሸው የዚያ ብቻ ነው። አፋቸውን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከጠቀለሉና ከቆለፉ በኋላ በሁለት እጅ ጫን ብለው ይሞክሩት፤ አየሩ ሹልክ ብሎ ከወጣ ውሃውም ይገባል። ለመኝታ ከረጢትና ለመቀየሪያ ልብስ ድርብ ከረጢት ቢጠቀሙ አይቆጭዎትም።

ከባድ ዕቃ በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ፣ ከጀልባው ወለል ጋር ተጣብቆና ወደ መሐል ተጠግቶ ይቀመጥ። በእርስዎ ጀልባ ላይ ይህ ቦታ ከመቀመጫው ኋላ ካለው ግድግዳ ጀርባ፣ በኋላው ክፍል ውስጥ ነው። 12 ሊትሩን ውሃ በአንድ ጀሪካን ከመያዝ ይልቅ 3 ሊትር በሚይዙ አራት ለስላሳ መያዣዎች ከፍለው፣ ሁለቱን በቀኝ ሁለቱን በግራ ቢያስተኟቸው ጀልባው ወደ አንድ ጎን አያዘነብልም፤ እየጠጣችሁ ስትሄዱም ግራና ቀኙን እያመዛዘናችሁ መቀነስ ትችላላችሁ። ምግቡ ከውሃው ቀጥሎ ይሁን። የድንኳኑን ምሰሶዎች ከጨርቁ ለይተው በጎን በኩል ቢያጋድሟቸው ቦታ ይቆጥባሉ። የጋዝ ቆርቆሮውን ከምግብ ጋር አንድ ላይ አያሽጉ፤ ሽታው ወደ በሶው ከገባ አይወጣም።

በነገራችን ላይ የካያክ ስንቅን በተመለከተ የእኛ አገር ምግብ የሚስተካከለው አላገኘሁም። በሶ፣ ጭኮ፣ ቋንታ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሁሉም ደረቅ ናቸው፤ ትንሽ ቦታ ይይዛሉ፤ ማቀዝቀዣ አይሹም፤ በሶና ጭኮ ደግሞ ምድጃ እንኳ ሳይለኮስ ይበላሉ። ነፋስ በሚበረታበት ቀን፣ በአንዲት ዐለት ከለላ ተቀምጦ አንድ ኩባያ በሶ በጥብጦ መጠጣት የሚሰጠውን ብርታት የቀመሰው ያውቀዋል።

ከታኮማ የጻፉልን ወንድም ከአየር ከረጢቱ ቀጥሎ ቀላል ዕቃ ከፊት ይሁን ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከፊት ምን ያህል እንደሚጫን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አፍንጫው ከከበደ ጀልባው በጎን ነፋስ ወደ ነፋሱ ፊቱን እያዞረ ያስቸግራል፤ ኋላው ከልክ በላይ ከከበደ ደግሞ ነፋሱ ወደሚነፍስበት ይሸሻል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን ኋላው በጥቂቱ ቢከብድ እመርጣለሁ። ሁሉንም ከጫኑ በኋላ በተረጋጋ ውሃ ላይ ተቀምጠው፣ ጓደኛዎ ከዳር ሆና በጎን በኩል ትመልከትዎት፤ ጀልባው ከውሃው ወለል ጋር ትይዩ መሆኑን እርሷ ከእርስዎ የተሻለ ታየዋለች። ፋብሪካው የጻፈው የመጫን አቅምም የቀዛፊውን ክብደት የሚጨምር መሆኑን አይርሱ፤ እስከ ጣሪያው ድረስ አይጫኑት።

በጀልባው ሽፋን ላይ ከፍ ያለ ዕቃ አስረው አይጫኑ፤ ነፋስ ይይዛል፤ ወደ ጀልባው ተመልሶ መውጣትንም ያከብዳል። ትርፍ መቅዘፊያ፣ ካርታና ፓምፕ ይበቃል። ፊሽካና ውሃ የማያስገባ መያዣ ውስጥ ያለ ስልክ ደግሞ በጃኬትዎ ኪስ ውስጥ ይሁኑ፤ ከጀልባው ብትለያዩ እንኳ ከእርስዎ ጋር ይቀራሉ።

ጋቢውን ይዘው ይሂዱ፤ ለሌሊት ብርድ እርሱን የሚተካ የለም። ነገር ግን ጥጥ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከራሰ ይከብዳል፤ በባሕር ዳርቻ እርጥብ አየር ደግሞ በሁለት ቀን አይደርቅም። ስለዚህ ውሃ ላይ ሳሉ አይልበሱት፤ በድርብ ከረጢት አሽገው በኋላው ክፍል ከሁሉ በላይ ያድርጉት።

አንድ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር የመመለሻው ቀን ነው። ምግቡ ተበልቶ፣ ውሃው ተጠጥቶ ሲያልቅ የኋላው ክፍል ባዶ ይሆናል። መክደኛው በማዕበል ቢነሣ ያ ባዶ ቦታ በሙሉ ውሃ ይሞላል። እኔ ባዶ የቀሩትን ከረጢቶች አየር ሞልቼ፣ አፋቸውን ጠቅልዬ እዚያው እመልሳቸዋለሁ። የሄድኩበትን ያህል ተጠንቅቄ ነው የምመለሰው።

መልስ (ከሬንተን)

አጭር ነገር ልጨምር። ወደ ብሌክ ደሴት ከሳውዝዎርዝ በኩል መነሣት ከፎንትልሮይ ከመነሣት እጅግ ያጠረ መንገድ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትጓዙት የሚመረጠው እርሱ ይመስለኛል። ፎንትልሮይን፣ ቫሾንንና ሳውዝዎርዝን የሚያገናኘው የፌሪ መስመር ከደሴቲቱ በስተደቡብ ስለሚያልፍ ከመነሣታችሁ በፊት የመርከቦቹን ሰዓት ተመልከቱ። ለካያክና ለመሰል ጀልባ ቀዛፊዎች የተለየው የካስኬዲያ ማሪን ትሬል ማደሪያ በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ነው፤ ክፍት መሆኑንም ከስቴቱ ፓርክ መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

በዚያ ያሉት ራኩን የሚባሉት ትንንሽ አውሬዎች እጃቸው እንደ ሰው እጅ ነው። ምግባችንን በካያኩ ውስጥ ትተን፣ የጎማ መክደኛውን ዘግተን ተኝተን፣ ሲነጋ ክፍት ሆኖ አገኘነው፤ ውሃ የማያስገባው ከረጢትም በጥርስ ተበጥሶ ነበር። የተቀደደ ከረጢት ደግሞ ለመመለሻ ጉዞ አየር አይዝም። በመክደኛው ላይ የሚያልፍ ጠንካራ ማሰሪያ ቀበቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምግቡንም በሚጠመዘዝ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ አድርጉት።

መልስ (ከባሕር ዳር)

ልጄ፣ እኔ ካያክ ቀዝፌ አላውቅም። ያደግኩት ግን ጣና ዳር ነው፤ ጥያቄሽን ሳነብ አባቴ ስለ ታንኳ ያስተማረኝ ነገር ትዝ ስላለኝ ልጽፍልሽ ወደድኩ።

የጣና ታንኳ ከደንገል የሚታሰር መሆኑን ታውቂያለሽ። በተለይ ነገደ ወይጦዎች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ታንኳ ውሃ የሚሞላው ሆድ የለውም፤ የሚንሳፈፈው በራሱ በደንገሉ ልብ ውስጥ ባለው አየር ነው። ማዕበል ቢያልፍበት ውሃው በእስሮቹ መካከል ተመልሶ ይወርዳል። ለዚህም ነው ሰው ማገዶና እህል ጭኖ ያን ያህል ሰፊ ሐይቅ የሚሻገርበት። ጭነቱ ደግሞ በታንኳው ወለል ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ ሌላ የደንገል እስር ተነጥፎለት ከፍ ይላል፤ እህሉ የሚደርቀው በዚያ ነው።

ነገር ግን ደንገልም ውሃ ይጠጣል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ የዋለ ታንኳ እየከበደ፣ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ማታ ከውሃ አውጥቶ፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍለት አቁሞ ያደርቀዋል። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ሳላወጣው ቀረሁ፤ በማግስቱ አባቴ ጭነቱን ከጫነ በኋላ ታንኳው ከወትሮው አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ አየው። ምንም ሳይናገረኝ የጫነውን በሙሉ አወረደና «ዛሬ አንሄድም» አለኝ። የዚያን ቀን ገበያው ቀረበት። እኔም ከዚያ ወዲያ ታንኳ ከመጫኔ በፊት በጣቴ ሳልለካ ቀርቼ አላውቅም።

የአንቺም ጀልባ ሲጫን ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ በጎኑ ላይ ምልክት አድርጊበት። በሌላ ቀን ያንኑ ጭነት ጭነሽ ውሃው ከምልክቱ በላይ ከወጣ፣ አንድ ቦታ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። የጣና ነፋስ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ እኛ የምንሻገረው በማለዳ ነበር፤ የእናንተን ውሃ ባላውቀውም ማለዳ መነሣት አይጎዳም።

ጠያቂዋ (ከሲያትል)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ምልክቱን በነጭ የቀለም ቴፕ አድርጌበታለሁ። ለሌሎቻችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ምክራችሁን ሁሉ በዚህ ሳምንት በተግባር ሞክሬዋለሁ።

የኋላውን ክፍል በ5 ሊትር ውሃ ስፈትሸው በግድግዳው የታችኛው ቀኝ ጥግ በኩል ጠብ ጠብ ሲል አገኘሁት። አሮጌው ማስቲሽ በጣቴ ስስበው እንደ ክር ተመዝዞ ወጣ። ፍቄ በአዲስ ዘጋሁት፤ ሁለት ቀን አድርቄም እንደገና ስፈትሸው አንዲት ጠብታ አላለፈም። ከፊት ሁለት የአየር ከረጢት አስገብቼ፣ የመኝታ ከረጢቴን በድርብ አሽጌ ከእነርሱ ቀጥሎ አደረግሁና በእግር መርገጫው ብሎኖች ላይ በመስቀልኛ ገመድ አሰርኩት።

ትናንት በሌክ ዋሽንግተን ሙሉ ጭነቱን ጭኜ ገለበጥኩት። በዚህ ጊዜ አፍንጫው አልወረደም፤ ጀልባው በጎኑ ተንጋሎ፣ እንደ ተኛ ሆኖ ቀረ። ጓደኛዬ በሰዓት እየለካች ወደ ውስጥ ተመልሼ ገብቼ ውሃውን ቀድቼ እስክጨርስ 9 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዕረፍት በኋላ ስደግመው 6 ደቂቃ ሆነ። ከእግሬ ፊት የተነቃነቀ ነገር አልነበረም። እስከ ጉዞው ድረስ በየቅዳሜው ልንለማመደው ተስማምተናል።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ጀልባውን በመኪና ጣሪያ ላይ አድርጌ፣ በጠራራ ፀሐይ ካቆምኩት በኋላ ውሃ ላይ ሳወርደው፣ የኋላው መክደኛ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሎ ገባ። ለመክፈትም እጅግ አስቸገረኝ። ማስቲሹን ሳድሰው ያበላሸሁት ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ (ከታኮማ)

ምንም አላበላሹም፤ እንዲያውም ግድግዳው በሚገባ መታሸጉን ያሳያል። በፀሐይ የሞቀው አየር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲወርድ ይኮማተራል፤ መውጫና መግቢያ ስለሌለው መክደኛውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። አደጋው በመክደኛው ዙሪያ ያለ ውሃም አብሮ ሊሳብ መቻሉ ነው። ሞቃት ቀን ላይ በተራራ መንገድ ሲጓዙ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ስኖኳልሚ ፓስን ስናቋርጥ ከፍታው 900 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ የውጭው አየር ግፊት ይቀንስና መክደኛው ሽቅብ ያብጣል።

ብዙ ፋብሪካዎች ለዚህ ሲሉ በግድግዳው ላይኛ ክፍል የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መተንፈሻ ይተዋሉ። የእርስዎ ጀልባም ኖሯት በአዲሱ ማስቲሽ ተደፍና ሊሆን ይችላልና ከግድግዳው የላይኛው ጠርዝ ሥር ይፈልጓት። ከሌለች ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ ከላይ በኩል ቢበሱ፣ አየሩ ይተነፍሳል፤ በዚያች የምትገባው ውሃ ደግሞ ከቁጥር አትገባም። እስከዚያው ጀልባውን ወደ ውሃ አውርደው፣ መክደኛውን ክፍት አድርገው ከ10 ደቂቃ በኋላ ይዝጉት።

የፊተኞቹ የአየር ከረጢቶችም ይህንኑ ሕግ ይከተላሉ። መኪናው ጣሪያ ላይ ሳሉ ወጥረው ከነፏቸው በፀሐይ አብጠው ስፌታቸው ሊለቅ ይችላል፤ ስለዚህ በጉዞ ላይ ግማሽ ያህል ብቻ ይያዙ። ውሃ ላይ ከወረዱ በኋላ ደግሞ ቀዝቅዘው ይላላሉ፤ ገመዱም አብሮ ይላላል። ከዳር ሳይርቁ ሩብ ሰዓት ያህል ይቅዘፉና ተመልሰው ቱቦውን በእጅዎ ይዘው እንደገና ይንፉአቸው፤ ገመዱንም ያጥብቁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደሴቲቱ ይሻገሩ።